ቴምፐሪንግ ምንድን ነው? የጠነከረ ቢላ ለምን ይሰበራል?

የመጀመሪያ ቢላዬ የኖረው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አምስት ቅዳሜ ለፍቼበታለሁ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጬ፣ አግዬ፣ ቀጥቅጬ፣ በሞረድ አስተካክዬ ቅርጽ አስያዝኩት። በመጨረሻ እንደገና አግዬ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሳይጣመም ወጣ። ፎቶ ላነሳው ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ቢላው ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ቀጭ አለ። አልጎበጠም፣ አልተጨረመተም። እንደ ብርጭቆ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

የሚያስተምረኝ ሰውዬ ስብርባሪውን አንስቶ የተሰበረበትን ፊት አገላብጦ አየው። ግራጫና ድቅቅ ያለ ነበር፣ ዱቄት የመሰለ። «ማጠንከሩን አሳምረኸዋል» አለኝ። «ያልሠራኸው ማለዘቡን ነው።» ፊቱ እንደ ስኳር ጎርበጥ ያለና የሚያብለጨልጭ ቢሆን ኖሮ እሳት በዝቶበታል ማለት ነበር።

ቴምፐሪንግ የሚባለው ይሄው ማለዘብ ነው። በእሳትና በዘይት እስከ መጨረሻው የጠነከረን አረብ ብረት፣ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና ማሞቅ። ብረቱ ከጥንካሬው ጥቂት ይለቃል። በለቀቀው ልክ ቶሎ መሰበሩን ይተዋል።

ግራ የሚያጋባው አንድ ቃል ነው። እኛ «ጠንካራ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን። ሞረድ ጠንካራ ነው፤ ብረት ይበላል፣ መዶሻ ሲያርፍበት ግን ይሰበራል። ተራ ሚስማርም ጠንካራ ነው፤ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፣ ስለት ግን አይዝም። እኔ ለራሴ እንዲመቸኝ የሞረዱን «ደረቅ»፣ የሚስማሩን «ቻይ» እለዋለሁ። ቢላ ሁለቱንም ይፈልጋል። ችግሩ አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይቀንሳል።

ለምን? ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የአቶሞቹ አደራደር መቀየር ይጀምራል። በውስጡ ያለውን ጥቂት ካርቦንም ትኩስ ሻይ ስኳር እንደሚያሟሟ ያሟሟዋል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ተመልሶ ወጥቶ ለብቻው ይሰበሰባል፣ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። የጋለው ብረት በድንገት ዘይት ውስጥ ከገባ ግን ካርቦኑ መውጫ ጊዜ አያገኝም። እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ የሚነሳ ሚኒባስ አስቡ። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ጭኖ ጭኖ በሩን በግድ ዘጋው። ማንም ትከሻውን ማንቀሳቀስ አይችልም። የነከራችሁት ብረት ይሄን ይመስላል። የብረቱ አቶሞች እርስ በርስ መንሸራተት ስላልቻሉ ደረቅ ነው፤ ምት ሲመጣበት ደግሞ የሚያፈገፍግበት ቦታ ስለሌለው ይሰነጠቃል። ቴምፐሪንግ ማለት ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሦስት አራት ሰው መውረዱ ነው። ታክሲው አሁንም ሙሉ ነው፣ ግን መተንፈሻ ተገኘ። ይህ የታፈነው አደራደር ማርቴንሳይት ይባላል፤ ስሙ ከአዶልፍ ማርቴንስ፣ ከጀርመናዊው የብረት ተመራማሪ የመጣ ነው።

እንግዲህ የሚታፈን ካርቦን ከሌለ የሚጠነክርም ነገር የለም። ከፌሮ ቢላ የማይወጣው ለዚህ ነው። የተለመደው የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ብትነክሩትም ቁም ነገር ያለው ስለት አይሰጥም። ባሌስትራ ግን ብዙ ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ምናለሽ ተራ ያሉ ሠራተኞች የመኪና ባሌስትራ የማይጥሉት ያለ ነገር አይደለም። አዲስ ብረት መግዛት ለሚፈልግ ጀማሪ ደግሞ 1084 የሚባለው አይነት ይቀላል፤ ካርቦኑ ከ0.8 በመቶ በላይ ነው፣ ጠባዩም የታወቀ ነው።

እናቴ በስልክ «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው?» ስትለኝ ብረት እንደምቀጠቅጥ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ለሰው አታውራ» አለችኝ። እየቀለደች ነበር፣ ግማሹን። ባለእጅ ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ምሳሩንም ሠርቶ ለገበሬው እየሰጠ «ቡዳ» ሲባል የኖረበት አገር ነው የመጣነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሰው ቅዳሜውን ከፍሎ ይማረዋል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ብረቱ ለመንከር መድረሱን የሚነግራችሁ ርካሹ መሣሪያ ማግኔት ነው። ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አልይዝ ይለዋል። ከዚያ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ትነክሩታላችሁ። ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ይበቃል። ውሃ በጣም ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዝ እንዲህ ያለውን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ዘይቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይኑር፤ ውሃ ግን እንዳታፈሱበት። ከወጣ በኋላ ሞረድ አስነኩት። ሞረዱ ሳይነክሰው ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

አሁን ፎቶ አታንሱ። በቀጥታ ወደ ምድጃ። ሳይለዝብ ያደረ ቢላ ማንም ሳይነካው ሌሊት ሊሰነጠቅ ይችላል። የማዕድ ቤት ምድጃ 400 ፋራናይት ላይ ይደረጋል፣ 204 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ሁለት ሰዓት ይገባል። ዘይቱን አስቀድማችሁ በሳሙና ሙልጭ አድርጋችሁ እጠቡት። ባለቤቴ ስለ ቴምፐሪንግ የተማረችው በአፍንጫዋ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ቀለሙ ነው። ብረቱን ፈግፍጋችሁ ካጸዳችሁት በኋላ ስታሞቁት ፊቱ ቀለም እየቀያየረ ይሄዳል። 205 ዲግሪ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ፣ የጠጅ አይነት። 230 ላይ ቢጫው ይጠቁራል። 255 ገደማ ቡናማ ነው። 280 ሐምራዊ፣ 300 ሲደርስ ሰማያዊ። ቀለም የሚመስለው ነገር ፊቱ ላይ የሚሠራ በጣም ስስ የዝገት ሽፋን ነው። ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ናፍጣ ሲፈስ እንደሚያሳየው ቀለም፣ ብርሃን በስሱ ሽፋን ላይ ሲጫወት የሚፈጠር ነው። ቴርሞሜትር ከመምጣቱ በፊት በየትም አገር ያለ ብረት ሠሪ መለኪያው ዓይኑ ነበር። ግን ዓይን ይሳሳታል። ዝቅ ያለ ሙቀት ላይ ብዙ የቆየ ብረትም ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ ቢላ ከሆነ ምድጃውን እመኑ።

ምሳር ላይ ግን ቀለሙን የሚተካው የለም። ቢላ ይቆርጣል፣ ምሳር ይመታል። ቢላ ቢጫው ላይ ሲቆም ምሳር ወደ ሐምራዊው፣ አንዳንዱም ወደ ሰማያዊው ድረስ ይለዝባል። ደግሞ ሁሉም አካሉ እኩል እንዲደርቅ አትፈልጉም። የሚነከረው ስለቱ ብቻ ነው። ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ስለቱ እስኪያበራ ይፈገፈግና የጋለ ወፍራም ብረት ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል። ሙቀቱ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ስለቱ ይጓዛል። ቀለሞቹ ተራ በተራ ሲሄዱ በዓይናችሁ ታዩአቸዋላችሁ፦ ቢጫው ከፊት፣ ቡናማው ከኋላው፣ ሐምራዊው ቀጥሎ። ሐምራዊው ስለቱ ጫፍ ሲደርስ ቶሎ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ታስቆሙታላችሁ። እኔ ይህን ለማየት ብቻ ሌላ ምሳር ልሠራ እችላለሁ።

በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር ለአባላቱ የሚሰጠው ፈተና ነገሩን ሁሉ ያሳያል። ተፈታኙ በሠራው ቢላ መጀመሪያ የተንጠለጠለ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል። ቀጥሎ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ለሁለት ይቆርጣል። በዚያው ስለት፣ ሳይሞረድ፣ የክንዱን ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻ ያው ቢላ በሞርሳ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። መሰበር የለበትም። ፀጉር ለመላጨት ድርቀት ያስፈልጋል፣ ለመታጠፍ ቻይነት። ለዚህ ብዙዎቹ የቢላውን ጀርባ ለብቻው አሙቀው እስከ ሰማያዊ ያለዝቡታል፣ ስለቱን ግን ቢጫው ላይ ይተዉታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢላ ሠራችሁም ገዛችሁም ይጠቅማችኋል። ቢላ በሚሽከረከር ድንጋይ ሲሳል ብልጭታው ሲበተን ያምራል። ነገር ግን የስለቱ ጫፍ ስስ ስለሆነ በአንድ አፍታ 300 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር ካያችሁ እዚያ ቦታ ከሚገባው በላይ ለዝቧል። ስለት አይዝም፤ ትስሉታላችሁ፣ ነገ ይዶለዱማል። እኔ ጓንት ሳላደርግ ነው የምስለው። ጣቴን መፍጀት ሲጀምር ባልዲው ውስጥ አጠልቀዋለሁ። አንዴ ሰማያዊ ከሆነ ወይ ያን ጠርዝ ሞርዶ መጣል ነው፣ ወይ ከእሳቱ፣ ከማግኔቱና ከዘይቱ እንደገና መጀመር።