የጓሮ ደን በዲላና በመሰል ከተሞች

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ብዙ ግቢ ውስጥ ከቤቱ ቆርቆሮ በፊት ዓይን የሚገባው ዛፉ ነው። በይርጋለምና በጅማም እንዲህ ያለ ጓሮ ያላቸው ቤቶች አሉ።

አተካከሉ ፎቅ በፎቅ ነው። ከላይ ዋንዛ ወይም አቮካዶ ጥላውን ይዘረጋል። ከሥሩ ቡናና እንሰት ይቆማሉ። ዝቅ ሲል ጎደሬና ጎመን አለ፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ጤና አዳም፣ በሶብላና ዳማከሴ። ላልለመደው ሰው ዝርክርክ ሊመስለው ይችላል። ግን ሥራ የሌለው ተክል የለም። ቡናው ጥላ ይወዳል። የዋንዛው ቅጠል ረግፎ ይበሰብስና አፈሩን ያደልባል፤ አበባው ንብ ይጠራል። ኃይለኛ ዝናብም መጀመሪያ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ስለሆነ አፈሩን አይገርፈውም። ውሃው ጎርፍ ሆኖ የጎረቤት ግቢ ከሚገባ እዚያው ይሰርጋል።

የጓሮው አለቃ እንሰት ነው። ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ግንዱ ውሃ ስለሚይዝ ግን በጋውን ለምልሞ ይከርማል። ሲደርስ ይፋቃል፤ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ቡላው ለብቻው ይወጣል፣ ቃጫው ገመድ ይሠራል። ቆጮ ቀምሶ የማያውቅ ሰሜነኛ እንኳ ኮባውን ያውቀዋል፤ ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ምን ዳቦ ነው?

ጓሮው ጉርብትናም ያቆያል። ምች የመታው ሰው ፋርማሲ ከመሄዱ በፊት አጥር ተሻግሮ «እስቲ ዳማከሴ ቁረጪልኝ» ይላል። ቅጠሉ በእጅ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ይደረጋል። ለዚህ ሂሳብ የሚጠይቅ የለም።

በዲላ ዙሪያ ያለው ገጠር በዚሁ ዘዴ ተራራውን ሙሉ ሸፍኖታል። ዩኔስኮም ይህን የጌዴኦ ሕዝብ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የከተማው ጓሮ ግን እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አስፋልት ዳር ከሚደረደር ዘንባባ ይልቅ ለከተማ የሚበጀው ይህ ነው። ጥላም ምግብም መድኃኒትም ከአንድ ግቢ!

ጓሮውን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ኪራይ ነው። ሰርቪስ ቤት ሲጨመር፣ ግቢው ሴራሚክ ሲለብስ፣ ሰፊ ቦታ የሚይዘው እንሰት ቀድሞ ይነሳል። የተረፈውን ደግሞ አጠውልግ በሽታ ያስፈራዋል። የታመመ እንሰት የነካ ቢላ በሽታውን ወደ ጤነኛው ስለሚያሻግር፣ በእሳት ለብለብ ሳይደረግ ሌላ ተክል መንካት የለበትም። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ጤና አዳሙን በተቆረጠ ጄሪካን በረንዳ ላይ ያበቅላል። እንሰትና ዋንዛ ግን መሬት ይፈልጋሉ።