የእንጨት ሥራና የእጅ ጥበብ በጎጃም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጎጃም ሲነሳ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው ቅኔው፣ ጤፉና ዓባይ ነው። የእንጨት ሥራው ግን ያን ያህል አይነሳም። ቢነሳም የአናጢ ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ትክክል አይደለም። በጎጃም እንጨት የሚጠርበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ሥራ ነው የሚኖረው፤ ገበሬ ነው፣ ዲያቆን ነው፣ መምህር ነው፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሙያው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በእነዚህ በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ነው። የሚሻሻለውም አንዱ የሠራውን አውጥቶ ለሌላው ሲያሳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ እንጨቱ። የአገሬው ሠሪ አንደኛ ምርጫ ዋንዛ ነው። ሲጠረብ እሺ ይላል፣ ቀላል ነው፣ ምስጥም እንደ ሌላው ቶሎ አይደፍረውም። ልቡ ቡናማ፣ ዳሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ሳይቀቡት ያምራል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለዱላ፣ ለመቋሚያና ለእጅ መስቀል ይፈለጋል። ዝግባና ጥድ ለበርና ለምሰሶ ናቸው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ቤት ያቆማል፣ ጣሪያ ይሸከማል፤ ለጥሩ ዕቃ ግን ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ብዙም አይወደድም።

በገጠር የሚሠራው ዕቃ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ገበታ፣ የጠፍር አልጋ፣ ከበሮ፣ ማሲንቆ። ማሲንቆን ጎንደሮች የእኛ ነው ይላሉ። ጎጃሜም የእኔ ነው ይላል። ክርክሩ እዚህ አይዘጋም፤ የጎጃም ሠሪ ማሲንቆ ግን በድምፁም በአቋሙም ከማንም አያንስም።

ከሁሉም ሠሪን የሚፈትነው በርጩማ ነው። በርጩማ ከአንድ ግንድ ይወጣል። ግንዱ ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ይከርማል፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። እርጥበቱ በአንዴ እንዳይወጣ ጫፉን እበት የሚለቀልቁም አሉ። ከዚያ በመጥረቢያ ይጠረባል። መቀመጫው ጎድጎድ ይደረጋል፤ ሦስቱ እግሮች ከዚያው ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ እንጂ ለብቻ ተሠርተው አይሰኩም። አንድ እግር ከተሰበረ ሥራው ሁሉ ወደ ማገዶ ሄደ ማለት ነው። ድሮ ማለስለሻው የጠርሙስ ስባሪ ነበር፤ አሁን ብርጭቆ ወረቀት አለ። መጨረሻ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ይጠጣል። ሙያ የሚያውቅ ሰው በርጩማ ሲያይ መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ከላይ ሁሉም ያምራል፤ የሠሪው እጅ የሚታወቀው እግሩ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው።

ከጥንቱ ዘመን በደንብ የሚታወቀው የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ነው። ለዚህ ከዘጌ የተሻለ ቦታ የለም። ዘጌ ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚደረስበት፣ አሁን በመኪናም የሚገባበት በደን የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው። በገዳሙ ትውፊት ቦታውን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀደሱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ሕዝቡ ያለ እርሻ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም በዚህ ምክንያት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ ክብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። መቅደሱ በመካከል ይቆማል፤ ግድግዳው ላይ የሚታዩት ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። አሁን የምናያቸው ሥዕሎች ከመሥራቹ ዘመን ብዙ ቆይተው የመጡ ናቸው። በሮቹን ልብ ብሎ ያየ ደግሞ ሥዕሉን ለጊዜው ይረሳል። ሰፋፊና ወፋፍራም ሳንቃዎች ናቸው፤ የመጥረቢያው ምት አሁንም በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። የብራና መጻሕፍቱ ገበታ፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋናቸው፣ እሱም እንጨት ነው። ገበታ የሚጠርብ፣ ብራና የሚዳምጥ፣ ቀለም የሚበጠብጥና መጽሐፉን በቆዳ የሚደጉስ በአንድ ግቢ ሲኖር ሙያዎቹ መወራረሳቸው አይቀርም።

ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በጉልህ የቀረው ግን እንጨት ሳይሆን ድንጋይ ነው፤ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ቅርጽ ምስክር ነው።

በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ ነገሩ ይሰፋል። ንጉሡ በ1873 ዓ.ም. ዘውድ ጭነው እስከ 1893 ዓ.ም. ጎጃምን ገዙ። መናገሻቸው በፊት መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ነበረች። ከቤታቸው የወጡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። የኦሮሞ ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ወደ ጎጃም ገብተው አደጉ፣ የጎጃምንም ታሪክ ጽፈው አቆዩ። ብዕርና ብሩሽ በአንድ እጅ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ከእሳቸው የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ባለእጅ ግን በዚያን ጊዜ ክብር አልነበረውም። ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ ይባል ነበር። አናጢው ከቀጥቃጩ ይሻላል እንጂ እሱም ከስድብ አላመለጠም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጡ። ስድቡ ወዲያው ባይጠፋም አዋጁ መልካም ጅምር ነበር።

ዘመናዊው የሙያ ትምህርት የመጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ከሚሰጣቸው ሙያዎች አንዱ የእንጨት ሥራ ነበር። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የከተማው ሰው ግን ግቢውን እስከ አሁን ፖሊ ነው የሚለው። ፖሊ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእጅ ሙያ የዋለው ውለታ ገና በወጉ አልተጻፈም።

ሥራን ለባልንጀራ የማሳየት ልማዱ ቋሚ ቦታ የለውም። ገበያ ላይ ይሆናል፣ በማኅበር ጠላ ላይ ይሆናል፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ይሆናል። የቆሎ ተማሪዎች መቋሚያ ሲጠርቡ፣ ሐረግ፣ ማለትም የብራና ጌጥ፣ ሲሥሉ፣ አንዱ ከሌላው ያያል፤ ጽሕፈትና ድጉሰትም ብዙውን ጊዜ ከቅኔው ጎን ለጎን እንዲህ ይቀሰማል። ሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ስፌት አለ። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ይለቀማል፣ ይቀለማል፤ ሞሰብና አገልግሉ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ ይሰፋል። ያማረ ጥለት ያየች ቤቷ ገብታ ትሞክረዋለች፤ ማንም አይከፋም።

አስተያየት አሰጣጡም ወግ አለው። መጀመሪያ «እጅህ ይባረክ» ይባላል። እንከኑ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ታናሽ ለታላቁ ሲናገር «አያ፣ ይቺ እግሯ ትንሽ አልወፈረችም?» ብሎ በጥያቄ ያነሳዋል። ታላቁም ዕቃውን ገልብጦ ያያል፤ ከተስማማ መጥረቢያውን ያነሳል።

በአገው ምድር ዋናው ቁስ ቀርከሃ ነው። ድሮ ኮሶበር ትባል በነበረችው እንጅባራ፣ በአዲስ አበባና ባሕር ዳር መንገድ ዳር፣ የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ተደርድሮ ይሸጣል። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲሰባሰቡ ደግሞ የኮርቻ ሥራ ይታያል። ኮርቻ ከቆዳውና ከጌጡ ሥር የእንጨት አጥንት አለው። ሠሪዎች ሰልፉን ሲያዩ ዓይናቸው ከፈረሱ ይልቅ እዚያ ላይ ነው።

ዛሬ ትልቁ ችግር እንጨት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከለከለ። ልክ ነው፤ ዛፎቹ እያለቁ ነበር። ስለዚህ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ሰው ከፈረሰ ቤት የወጣ ሳንቃ ይፈልጋል፣ ከአናጢ ቤት ቁርጥራጭ ይለምናል፣ ወይም ወደ ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ ዞሯል። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ገጽታውም ደስ ይላል፤ ሳይደርቅ ከተሠራበት ግን ይከዳል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያሉ ወጣቶች ከእሱ ሬከቦት፣ የፎቶ ፍሬምና ትንንሽ ማሲንቆ እየሠሩ እርስ በርስ ይተያያሉ። የበርጩማ ነገር ሲነሳ ግን አሁንም ዋንዛ ነው የሚጠየቀው።