«ማማይ ያለፈበት ይመስላል»

ሩሲያ የተማሩ ሰዎች የተዝረከረከ ክፍል ሲያዩ የሚሏት ነገር ናት፤ ከዚያው ከሩሲያኛ ይዘዋት የመጡ። አባባሏስ ጥሩ ነበረች፣ ትርጉሟን ሲያስረዱ ነው የሚያበላሹት፦ «ማማይ ሞስኮን ያቃጠለው ሞንጎል ነው» ይላሉ። ማማይ ሞስኮን አላቃጠለም።

ማማይ የእልፍ አለቃ ነበር። የሞንጎል ጦር ልክ እንደኛ ከአሥር አለቃ ወደ መቶ አለቃ፣ ከዚያ ወደ ሻለቃ እያለ ይወጣና 10,000 ፈረሰኛ በሚያዘው ሰው ያበቃል። የበርዲቤክ ካንን ልጅ አግብቶ ነበር፤ አማቱ በ1359 (እ.ኤ.አ.) ሲገደል ሩሲያን ያስገብር የነበረው የሞንጎሎች መንግሥት፣ የወርቃማው ሆርድ፣ ምዕራባዊ ክፍል እጁ ገባ። ከጄንጊስ ካን ዘር ስላልሆነ ግን መንገሥ አይችልም፤ የዘሩን ልጆች እያነገሠ ከጀርባ ገዛ።

አባባሉ «አለፈ» እንጂ «አቃጠለ» አይልም። እኔ ምሥጢሩን የማየው ሣሩ ላይ ነው። የዚያ አገር ፈረሰኛ ሦስት አራት ፈረስ ያስከትላል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ላይ ይወጣል። ገብስ አይጭንም፣ ፈረሱ በደረሰበት ይግጣል። እንግዲህ አንድ እልፍ ጦር 40,000 ፈረስ ነዳ ማለት ነው። ለአንዱ በቀን 7.5 ኪሎ ደረቅ ሣር ብንተምን 3,000 ኩንታል ይሆናል። አንድ መስክ ላይ ከሰነበተ ሣሩ ስለሚያልቅ ጦሩ ተበትኖ ይጓዛል፤ በተበተነ ቁጥር የሚረገጠው አዝመራ ይሰፋል። ዝናብ ከጣለማ ኮቴው ማሳውን ያቦካዋል፣ ገበሬው ሰይፍ ሳያይ ይራባል። ኋላ የተጻፈ የሩሲያ ተረክም ማማይ ሕዝቡን እርሻ ትቶ የሩሲያን እህል እንዲጠብቅ አዘዘ ይላል።

«ማማየቮ ፖቦይሼ» (የማማይ እልቂት) የሚለውን ሌላ አባባል «ማማይ የፈጀው» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። የተፈጀው የእሱ ጦር ነው! በ1378 የላከው ሠራዊት ቮዣ ወንዝ ላይ ተመታ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1380 ራሱ ኩሊኮቮ ሜዳ ላይ ወጣ፤ የሊቱዌንያው አጋሩ ያጋይላ ሳይደርስለት ቀረ፣ የሞስኮው መስፍን ዲሚትሪ ጫካ ውስጥ የደበቀው ፈረሰኛ ድንገት ወጥቶ ሰበረው። ብዙም ሳይቆይ የጄንጊስ ዘር የሆነው ቶክታሚሽ ካልካ ወንዝ ዘንድ ሲመጣበት የገዛ አለቆቹ ከድተውት ለቶክታሚሽ ገቡ። ማማይ ክሪሚያ ወዳለችው የጄኖቫውያን ከተማ ወደ ካፋ ሸሽቶ ሕይወቱ አለፈ።

ሞስኮን በ1382 ያቃጠለው ቶክታሚሽ ነው። ልጆቻችሁ አልጋ ሳያነጥፉ ሲወጡ በማማይ ማሳበቡን ቀጥሉበት፤ ለተቃጠለ ወጥ ግን ቶክታሚሽ አለላችሁ።