የበዓል ትዝታ ሕክምና ምንድን ነው? የመርሳት በሽታ ላለባቸው እናቶችና አባቶች

አያቴ ደሴ ነው ምትኖረው። የመርሳት በሽታ ከያዛት ቆይቷል፣ ቁርስ መብላቷን ትረሳለች፣ እኔንም አንዳንዴ በእናቴ ስም ነው ምትጠራኝ። ግን ያለፈው ፋሲካ ዋዜማ ዶሮው ብልቱ ወጥቶ በሎሚና በጨው ታጥቦ ፊቷ ሲቀመጥ፣ ማንም ምንም ሳይላት እጅጌዋን ሰበሰበችና እየለየች ደረደረችው፣ 12ቱንም ብልት፣ አንድ ሳይጎድል። አክስቴ አለቀሰች። እኔም ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ለካ ነገሩ ስም አለው፣ ሪሚኒሰንስ ቴራፒ ይባላል፣ በኛ የትዝታ ሕክምና ብንለው ያስኬዳል፣ ለወሎ ሰው ትዝታ ባዳ ቃል አይደለምና።

ባጭሩ በድሮ እቃ፣ በፎቶ፣ በዜማ፣ በምግብ፣ በጠረን እየተጠቀሙ ሰውየው ስላሳለፈው ሕይወት እንዲያወራ፣ ማውራት ካቃተውም ስሜቱ እንዲመለስለት መርዳት ነው። ሐሳቡ የመጣው ሮበርት በትለር ከሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ደጋግመው ሲያወሩ ጃጁ ማለት ሳይሆን ሕይወታቸውን መለስ ብለው እያዩ ነው፣ ተፈጥሮ ነው ብሎ ጻፈ። ከዛ በኋላ ነው ሌሎች ባለሙያዎች ዲሜንሽያ (የመርሳት በሽታ) ላለባቸው ሰዎች መጠቀም የጀመሩት።

ለምን ይሰራል? ከ100 የዲሜንሽያ ታማሚ ከ60 እስከ 70 ሚሆነው አልዛይመር ሚባለው ዓይነት ነው ያለበት፣ አልዛይመር ደግሞ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ሂፖካምፐስ ሚባለው፣ አዲስ ነገር ሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው። ለዛ ነው የዛሬው ጠዋት ጠፍቶ የልጅነቱ ሚቀረው። እጅ የለመደው ሥራ ደግሞ (ቡና መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ሽንኩርት መላጥ) በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ ከስምና ከቀን በላይ ይቆያል። አያቴ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አታውቅም፣ ብልቱን ግን እጇ ያውቀዋል።

በዓል ሚመረጠው ደሞ በየዓመቱ በዛው ሽታ በዛው ድምፅ ስለሚመለስ ነው፣ አስቡት አንድ የ80 ዓመት ሰው ስንት ጊዜ ቄጤማ ረግጧል፣ ስንት ድፎ ዳቦ ከነኮባው ሲወጣ አሽትቷል። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ደሴ ላይ ያደገ ሰው የራሱን በዓል ብቻ አይደለም ሚያስታውሰው። አያቴ ክርስቲያን ናት ግን የጎረቤት መውሊድም የሷ ትዝታ ነው፣ መንዙማ ስትሰማ ጭንቅላቷን ቀስ እያረገች ትወዘውዛለች። ስለዚ ለእናታችሁ እቃ ስታዘጋጁ የሷን ሃይማኖት ብቻ አታስቡ፣ ጎረቤቶቿን አስቡ፣ መስከረም 21 ለግሸን በደሴ ሚያልፈውን ምእመን አስቡ፣ ለአረፋ ከጎረቤት ሚመጣውን ሳህን አስቡ።

አሁን ዋናው። በፍጹም «ታስታውሻለሽ?» አትበሏት። እኛ ቤት ለሁለት ዓመት ይሄን ነበር ስንሰራ የከረምነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እማ ይሄ ማነው? በይ እስቲ ንገሪን» እያልን፣ እሷ ደግሞ ስታጣው ትሸማቀቃለች፣ ከዛ ዝም ትላለች፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ዝም። ፈተና ነው ለካ ምንፈትናት የነበረው። አሁን ቡናውን በሰፌድ እግሯ ላይ እናስቀምጣለን፣ ወይ ድሮ ለብሳው የነበረውን ነጠላ እጇ ላይ እናረጋለን፣ አጠገቧ ቁጭ እንላለን፣ በቃ። ካወራች እንሰማለን፣ ዓመተ ምሕረቱን ብታሳስት፣ ሰው ብታቀላቅል አናርማትም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ከደከማት ቀድሞ ማቆም ነው። የማሽተት አቅም ራሱ በበሽታው ሊቀንስ ይችላል፣ ስለዚ እጣኑ ካልሰራ አትዘኑ፣ በእጅ ሚዳሰስ ነገር ስጡ።

አያድንም፣ ይሄን በግልጽ ማወቅ አለባችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. 22 ጥናቶች ተሰብስበው ታይተው ጥቅሙ አለ ግን ትንሽ ነው፣ ሁሉም ጋርም እኩል አይደለም ነው የተባለው። ለኔ ግን ያቺ የፋሲካ ዋዜማ ትንሽ አልነበረችም።

ጥንቃቄው፦ በዓል ጫጫታ ነው፣ ብዙ ሰው አንዴ ሲገባ ሊያስፈራቸው ይችላል፣ በተለይ ወደ ማታ። ቢላና የጋለ ምጣድ ይራቅ፣ መዋጥ ለሚቸግራቸው ደረቅ ዳቦ አትስጡ፣ መድኃኒት ሚወስዱ ከሆነ ጠላና ጠጅ ሐኪም ይጠየቅ። የሞተ ሰው ከጠየቁ ደሞ «ሞቷል እኮ!» ብሎ በየበዓሉ አዲስ መርዶ ማርዳት ከባድ ነው። አያቴ ስለ ባሏ ስትጠይቅ እኛ «በግ መምረጥ ይችልበት ነበር አይደል?» እንላታለን፣ እሷም ስለ በጉ ማውራት ትጀምራለች።

ለእንቁጣጣሽ አክስቴ ቄጤማውን ቀደም ብላ ነው ምትገዛው፣ በትንሽ በትንሹ ትሰጣታለች፣ አያቴም ትጎዘጉዛለች፣ ስትጨርስ ረስታው እንደገና ካንድ ጥግ ትጀምራለች። ትጀምር፣ ቄጤማ ሞልቷል።