ቅል፣ ዱባና ሄቺማ በጃፓን ሃይኩ

ሃይኩ በ5፣ በ7 እና በ5 የድምፅ ምት ተከፍሎ የሚነበብ፣ በጠቅላላው 17 ምት ያለው የጃፓን አጭር ግጥም ነው። በነባሩ ሥርዓት እያንዳንዱ ሃይኩ አንድ «ኪጎ»፣ ማለትም የዓመቱን ጊዜ የሚጠቁም ቃል ይዞ መገኘት አለበት፤ ቃላቱም «ሳይጂኪ» በሚባሉ መዛግብት በየወቅታቸው ተመድበው ከነማብራሪያቸውና ከነምሳሌ ግጥሞቻቸው ይገኛሉ። በመጸው ክፍል፣ ከጨረቃውና ከጤዛው ጎን፣ ሦስት የሐረግ ፍሬዎች ተመዝግበዋል፤ እነሱም ሂዮታን የሚባለው ቅል፣ ካቦቻ የሚባለው ዱባ፣ እንዲሁም ሲደርቅ ውስጡ ገላ ማሻ የሚሆነው ረጅሙ የቅል ዘመድ ሄቺማ ናቸው። አበቦቻቸው ግን የሚመደቡት በሙቀቱ ወራት ስለሆነ «የሄቺማ አበባ» ያለ ገጣሚና «ሄቺማ» ያለ ገጣሚ ስለ ተለያየ ጊዜ ይናገራሉ። በግጥሙ አቆጣጠር መጸው የሚገባው በነሐሴ መጀመሪያ ነው።

ቅኔ ለሰማ የአማርኛ አንባቢ ማጠር ራሱ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቃሉ በታች ነው። በቅኔ ውስጥ ቅል ቢገባ ሰም ሆኖ ይቀልጥና ወርቁ ይፈለግበታል፤ በሃይኩ ውስጥ ግን ቅሉ መጀመሪያም መጨረሻም ቅል ሆኖ እንዲቀር ይፈለጋል፤ አንባቢው የሚያገኘው ሌላ ነገር ቢኖር ከዚያው ቅል ጎን ቆሞ የሚያገኘው ነው።

ቅል በጃፓን ከሃይኩ በፊትም ግጥም ይጻፍበት ነበር። ኪዮቶ በሚገኘው በሚዮሺን ገዳም ሥር ያለው ታይዞ-ኢን የተባለ ንዑስ ገዳም፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆሴትሱ የተባለ መነኩሴ በሾጉኑ (በወታደራዊው ገዥ) በአሺካጋ ዮሺሞቺ ትእዛዝ የሣለውን አንድ ሥዕል በባለቤትነት ይዟል። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ልሙጥ ቅል ይዞ በውኃ ውስጥ ያለ የሚያዳልጥ አምባዛ ሊይዝ ይሞክራል፤ ከላዩ ደግሞ ዜን የሚባለው የቡድሃ እምነት ዘርፍ 31 መነኮሳት ለዚህ የማይቻል ለሚመስል ጥያቄ በቻይንኛ የሰጧቸው አጫጭር የግጥም መልሶች ተጽፈዋል። አንድ ቅል ይህን ያህል ሊቃውንት ማነጋገሩ የሚያስደንቅ ነው።

ሃይኩን ከጨዋታ አውጥቶ ለከፍታ ያበቃው ማትሱኦ ባሾ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ በፉካጋዋ በነበረው ጎጆው ውስጥ አንድ ትልቅ ቅል ነበረው። ደቀ መዛሙርቱ ሩዝ ያመጡለትና በዚያ ይጨምሩለታል፤ ወዳጁ ያማጉቺ ሶዶ ደግሞ ለቅሉ ስም አውጥቶለት ነበር። ባሾ በ1686 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ቅል የጻፈው ሃይኩ፣ ያለው ንብረት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነና ዓለሙም እንደዚያ ቅል ቀላል እንደሆነች ይናገራል። ባዶ ቅል በእጁ አንሥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መጠኑ ከባድ ነገር ያስጠረጥራል፣ እጅ ግን ምንም አያገኝም።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንዲሉ፣ ካቦቻ ወደ ግጥሙ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ቅል በጃፓን ከጥንት ጀምሮ ሲኖር፣ ዱባን ግን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገቡት የፖርቱጋል መርከበኞች ናቸው፤ ስሙም ከካምቦዲያ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ቅል በግጥም ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ መያዣና መንገደኛን ሲያስታውስ፣ ዱባ የሚያስታውሰው የገበሬን ጓሮና ማድ ቤትን ነው። ሃይኩ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ዱባው ሌላ ወር ተሰጠው፤ በዚያ ለሚጽፉ ገጣሚዎች ዱባ ማለት በኦክቶበር መጨረሻ ሃሎዊን ለሚባለው በዓል ተፈልፍሎ ሻማ የሚበራበት፣ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ፍሬ ነው። በአማርኛ ሃይኩ የሚሞክር ሰውም የራሱን ወር መስጠት ይኖርበታል፤ ክረምቱ ሲወጣ በአጥር ላይ የተንሰራፋው የዱባ ሐረግ ከተፈለፈለው ፋኖስ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው።

ከሦስቱ ፍሬዎች በጣም የተናቀው ሄቺማ ነበር። በጃፓንኛ ሄቺማ ማለት እርባና የሌለው ነገር ማለትም ነው፤ ለስድብም ይውላል። በሃይኩ ታሪክ ግን የከበረ ቦታ ያገኘው ይኸው ተክል ነው፤ ምክንያቱም ማሳኦካ ሺኪ ነው። ሺኪ በ1867 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በማትሱያማ ተወለደ፤ የግጥሙን ዓይነት «ሃይኩ» የሚለው ስም እንዲጸናበት ያደረገና ያዩትን እንዳዩት የመሣል ያህል አድርጎ መጻፍን ያስተማረ ሰው ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ደም መትፋት ጀመረ፤ «ሺኪ» የሚለውን የብዕር ስሙን የወሰደውም ሲጮኽ ደም ይተፋል ከሚባል ወፍ ነው። የሳንባ ነቀርሳው ወደ አከርካሪው ወርዶ የመጨረሻ ዓመታቱን በቶኪዮ፣ ነጊሺ በሚባል ሰፈር፣ አልጋ ላይ አሳለፈ።

ከክፍሉ ፊት ለፊት በዳስ ላይ የተሳበ ሄቺማ ነበር። በጊዜው ልማድ የሄቺማ ግንድ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆረጥና ከሥሩ በኩል የቀረው ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ሥሩ የሚገፋው ውኃ ጠብ እያለ ሲጠራቀም ለሳልና ለአክታ መድኃኒት ይሆናል። በተለይ በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የተቀዳው ፍቱን እንደሆነ ይታመን ነበር።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጠዋት እኅቱ ሪትሱ ወረቀት የተለጠፈበትን ሰሌዳ ያዘችለት፤ ጓደኛው ካዋሂጋሺ ሄኪጎቶ ብሩሹን በቀለም ነክሮ ሰጠው። ሺኪ መናገር ተስኖት ነበር። በመጀመሪያ በሰሌዳው መካከል ሄቺማው እንዳበበና አክታ ያነቀው «ሆቶኬ» እንዳለ ጻፈ፤ ሆቶኬ ቡድሃም ነው፣ የሞተ ሰውም ነው፤ ስለዚህ ገና እየተነፈሰ ራሱን እንደ ሟች አየው ማለት ነው። ካረፈ በኋላ ሁለተኛውን ጻፈ፤ አክታው አንድ «ቶ»፣ ይኸውም 18 ሊትር ያህል፣ እንደሆነና የሄቺማው ውኃ እንደማይደርስለት ይላል። ሦስተኛው የሚለው ከትናንት በስቲያም የሄቺማውን ውኃ ሳይቀዱ መቅረታቸውን ነው። ከትናንት በስቲያ ያ የሙሉ ጨረቃ ሌሊት ነበር። ከዚህ በኋላ ብሩሹ ከእጁ ወድቆ ነጩን አንሶላ በጥቂቱ አጠቆረው። በማግስቱ ከመንጋቱ በፊት፣ 35 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ዐረፈ።

ሦስቱም ግጥሞች ዘመን ያለፈባቸው አይመስለኝም፤ በሥቃይ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ከማውራት ይልቅ ስለ አንድ ተክል፣ ስለ አንድ መለኪያና ስላመለጠ አንድ ቀን በትክክል መናገሩ ኀዘኑን ከቃላቱ የበለጠ አጠንክሮታል።

የሞተበት ሴፕቴምበር 19 «ሄቺማ-ኪ» ተብሎ ይታሰባል፤ ስያሜው ራሱም በሳይጂኪ ውስጥ የመጸው ቃል ሆኖ ስለገባ በየዓመቱ አዳዲስ ሃይኩዎች ይጻፉበታል። የነጊሺው ቤት በ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1950 እንደገና ተሠርቷል፤ ጎብኚ ሺኪ ተኝቶበት በነበረው ክፍል ቁጭ ብሎ ወደ ደጅ ሲመለከት፣ በወቅቱ ከመጣ፣ በዳሱ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው ያንኑ ሄቺማ ነው።