ፓድ ካፕራው፦ የታይላንድ የዕለት ጥብስ

ፓድ ካፕራው በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ ሥጋ ነው። መጨረሻ ላይ ካፕራው የሚባል ቅጠል በብዛት ይጨመርበታል። ነጭ ሩዝ ላይ ይደረግና ከላዩ የተጠበሰ እንቁላል ይጫንበታል። ታይላንድ ውስጥ የማይገኝበት ቦታ የለም። የመንገድ ዳር ጋሪ፣ በትዕዛዝ የሚያበስሉ ትንንሽ ቤቶች፣ ሰቨን ኢለቨን የተባሉት ትንንሽ ሱቆች ማቀዝቀዣ ሳይቀር ይይዘዋል። ታይላንዶች «ምን ልብላ?» ብሎ ሐሳብ ያለቀበት ሰው የሚያዘው ምግብ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እየቀለዱም ያዙታል።

ለሕክምናም ለንግድም ባንኮክ የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው። ስለ ምግቡ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን እምብዛም ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ ተሰናድቷል።

ቅጠሉ

ካፕራው በሳይንሳዊ ስሙ ኦሲመም ቴኑይፍሎረም ይባላል። ሂንዱዎች ቱልሲ ብለው የሚያከብሩትና ግቢያቸው ውስጥ የሚተክሉት ያው ተክል ነው። ታይላንድ ውስጥ ግን ዋና ቦታው ወጥ ቤት ነው። የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፣ ግንዱ ጸጉራም ነው። በጣት ሲታሽ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር ሁለቱም ውስጥ አለ። ቀይና ነጭ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። የቀዩ ግንድ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ሽታውም ይበረታል። ለዚህ ጥብስ ቀዩ ይመረጣል።

አውሮፓና አሜሪካ በእስያ ሱቆች «የታይ ባዝል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጠል ነው። ሆራፋ ይባላል። ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፣ ሽታው ወደ እንስላል ይሄዳል። በእሱ የተሠራ ጥብስ ይበላል፣ ይጣፍጣልም። ካፕራው የለመደ ሰው ግን በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል።

የእኛም በሶብላ የዚሁ ወገን ነው። ምች የመታው ሰው የሚታሽበት ዳማከሴም እንዲሁ። በሶብላ በዕፅዋት መዝገብ ኦሲመም ባሲሊከም ተብሎ ስለሚጠራ ከካፕራው ይልቅ ለሆራፋ ይቀርባል። እኛ ሽሮና በርበሬ ውስጥ በደረቁ ስለለመድነው እርጥቡን ለጥብስ ማሰብ እንግዳ ይመስላል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ግን ቢሞክረው አያፍርም። ስሙ ፓድ ካፕራው አይሆንም እንጂ ድንቅ ጥብስ ይወጣዋል።

ታሪኩ

የጥንቱ ታሪክ ብዙም አልተመዘገበም። ቃሪያ እንደ እኛው በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። ወደ ሲያም (የያኔዋ ታይላንድ) ያስገቡት ፖርቱጋሎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ዛሬ ማሌዥያ ውስጥ ያለችውን የወደብ ከተማ ማላካን በያዙበት በ1511 (እ.ኤ.አ.) መልእክተኛቸው የሲያም ዋና ከተማ አዩታያ ደርሷል። በ1687 የመጣው የፈረንሳይ መልእክተኛ ሲሞን ደ ላ ሉቤር በጻፈው መጽሐፍ ያገሩ ሰው ሩዝና ጥቂት ደረቅ ወይም ጨው ያለበት ዓሣ በልቶ እንደሚጠግብ መዝግቧል። በየዕለቱ ሥጋ መጥበስ የኋላ ዘመን ነገር ነው ለማለት ይህ አንድ ፍንጭ ነው። በኃይለኛ እሳት በብረት መጥበሻ ማገላበጥም የቻይና ስደተኞች ይዘውት የመጡት ሙያ ነው።

ሥጋውና ቅጠሉ ዛሬ በምናውቀው መልክ መቼ ተገናኙ? አብዛኛው ሰው 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ያደርገዋል። ትክክለኛው አሥርት ዓመት ያከራክራል። ፓድ ታይ የተባለውን የሩዝ ኑድል ጥብስ የጠቅላይ ሚኒስትር ፒቡን ሶንግክራም መንግሥት ስላስተዋወቀው ታሪኩ ተጽፎለታል። ፓድ ካፕራው እንዲህ ያለ ደጋፊ አልነበረውም። ሆኖም ታይላንዱ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያዘው ይህንን ነው።

አሠራሩ

ለሁለት ሰው ወደ 300 ግራም ሥጋ ይበቃል። እዚያ የአሳማ ሥጋ ይበዛል፤ ዶሮና የበሬ ሥጋም የተለመዱ ናቸው። በቢላ የተከተፈ በማሽን ከተፈጨው ይሻላል፣ ጥርስ ላይ ይታወቃል። አምስት ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና እንደ አቅም ከአራት እስከ ስምንት ትንንሽ ቃሪያ ያስፈልጋል። ሚጥሚጣ የሚሠራባት ቀጭኗ ቃሪያ ለዚህ ትሆናለች። ሁለቱ በሙቀጫ አንድ ላይ ይወቀጣሉ፤ ግን አይልሙም። ብሌንደር ውኃ ያወጣቸዋል፣ ስለዚህ ሙቀጫ ያለው ሰው ሙቀጫውን ያውጣ።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ (ዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ የሚሠራ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሶያ ሶስና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አስቀድመው አንድ ሳህን ውስጥ ይቀላቀላሉ። ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ጠርሙስ ለመክፈት ጊዜ የለም።

በመጀመሪያ እንቁላሉ ይጠበሳል። ዘይቱ በዛ፣ እሳቱ ጠንከር ይበል። እንቁላሉ ሲገባ ይንጫጫል፣ ዳር ዳሩ ያብጣል፣ ይቀላል፣ እንደ ዳንቴል ይሆናል። በማንኪያ ትኩስ ዘይት ከላይ ይፈስበታል። አስኳሉ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያህል ይቀርና የተወቀጠው ይገባል። ሃያ ሰከንድ ይበቃዋል። የቃሪያው ጭስ ቤቱን ሁሉ ያስላል፤ መስኮት አስቀድሞ መክፈት ነው። ሥጋው ይከተላል፣ እየተበተነ ይገላበጣል። የቤት ምድጃ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ከዚህ በላይ ሥጋ ባንዴ መጨመር አያዋጣም፤ ውኃ ይተፋና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። ሥጋው በስሎ ጠርዙ መቅላት ሲጀምር የተቀላቀለው ሶስ ይፈስበታል። ከደረቀ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረጋል፤ ሩዙን የሚያርስ መረቅ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ እሳቱ ይጠፋና ሁለት ሙሉ እፍኝ ቅጠል ይጨመራል። ሁለት ሦስቴ ተገላብጦ ሲጠወልግ ወዲያው ይወጣል። ሽታው በቀላሉ የሚበን ስለሆነ ቅጠሉ ከሥጋው ጋር ከበሰለ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። አጠገቡ በዓሣ ሶስ የተነከረ ቃሪያ ሎሚ ተጨምቆበት ይቀመጣል። የሚበላው በማንኪያ ነው፤ ሹካ ሩዙን ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው።

ክርክሩ

ዋናው ጠብ ፎሶሊያ ነው። ብዙ ቤቶች ረጅሙን የእስያ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሕፃን በቆሎ ይጨምራሉ። ተቃዋሚዎቹ ሥጋ ለመቆጠብ የመጣ ማጭበርበሪያ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አትክልቱ ውኃ ይለቃል፣ ምጣዱን ያቀዘቅዛል፣ የቅጠሉን ሽታ ያደክማል። ፎሶሊያው በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ብዙ ሰው አይቆጣም።

ኦይስተር ሶስን በተመለከተ ነገሩ ለስለስ ያለ ነው። ድሮ በዓሣ ሶስ ብቻ ይሠራ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ዛሬ አብዛኛው ቤት ይጠቀመዋል።

በጾም

ሥጋው በቶፉ (ከሶያ በሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ወይም በእንጉዳይ ይተካል። ቶፉው አስቀድሞ ለብቻው ይጠበሳል፣ አለበለዚያ ይፈረካከሳል። በኦይስተርና በዓሣ ሶስ ፋንታ ሶያ ሶስና የእንጉዳይ ሶስ ይገባል። እንቁላሉ ይቀራል። ታይላንድም የራሷ ጾም አላት፤ በቻይናውያን አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ለዘጠኝ ቀን «ጄ» የሚባል ምግብ ይበላል። ያ ሥርዓት ነጭ ሽንኩርትንም ይከለክላል። የእኛ ጾም ስለማይከለክል ሙቀጫው ሥራ አይፈታም።