ለችግረኛ ልጆች ስጦታ መስጠት፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ነሐሴ ሲጋመስ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናቡም ብርዱም አይጣል ነው። ገበያው ግን በደብተር፣ በቦርሳና በዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላል። እኛ ቤት ይህ ወቅት ወከባ ነው። እናቴ የጀመረችው ልማድ አለ፦ ለራሳችን ልጆች የትምህርት ዕቃ ሲገዛ፣ እጅ ላጠራቸው ቤቶች ልጆችም አብሮ ይገዛል። እኛ ልጆቿ አግብተን፣ አንዱ መሐል ሜዳ፣ አንዷ ሸዋ ሮቢት ከተበታተንን በኋላም ነገሩ አልቀረም።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚለው አያጣም። አብዛኛው በቅንነት የሚነገር ነው። ቢሆንም ብዙው ልክ አይደለም፤ አንዳንዱም ልጆቹን ይጎዳል። ደጋግሜ የምሰማውን ልዘርዝረው።

«ለልጅ ስጦታ መስጠት የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ቀይ ኮፍያ ያደረገው የገና አባት ነው በዓይናቸው የሚመጣው። ቡሄን ግን ይረሱታል። ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ሲዞሩ ሙልሙል የሚሰጣቸው ስጦታ ካልሆነ ምንድን ነው? እንቁጣጣሽ ላይስ ወንዶቹ አበባ ሥለው ሲያድሉ፣ ሴቶቹ «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ባዶ እጁን የሚሸኛቸው አለ?

ስለዚህ ልማድ ሳስብ በጣም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሆያ ሆዬ የሚለው ቡድን ውስጥ የነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ልጅ አለ። ሙልሙሉ የሚሰጠው ለቡድኑ ነው፣ በኋላ እኩል ይካፈሉታል። «ይቺ ለችግረኛው» ብሎ ነጥሎ የሚሰጥ የለም። ያ ልጅ ደግሞ እጁን ዘርግቶ አልለመነም። ጨፍሮ ነው ያገኘው። ቤቱ ሲገባም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። የድሮ ሰዎች ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡት፣ አንድን ልጅ ሳያሳፍሩ መስጠት የሚቻልበትን መንገድ አግኝተዋል።

የቆሎ ተማሪውም አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የማያወጣ ቤት ድሮ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለልጅ መማሪያ መስጠት እንግዲህ ያኔም ነበር። ደብተሩ ብቻ ነው አዲስ።

በቀወት፣ በኤፍራታና በአንኮበር ሥር ያሉት ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ዘካተል ፊጥር አላቸው። በቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ፣ ለሕፃናቱም ጭምር እየታሰበ ከእህል ይሰጣል። ደግሞም ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በበዓሉ ቀን ድሃው በልመና እንዳይዞር። ሰዓቱ ራሱ የስጦታው አካል ነው። በእኛም ቤት ደብተር መስከረም ከጠባ በኋላ ከደረሰ እናቴ እንደተሰጠ አትቆጥረውም።

«ሀብታም ካልሆኑ አይሞከርም»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። መሐል ሜዳ ያለው ወንድሜ ጥሬ ገንዘብ አይተርፈውም፤ ግን መንዝ ነው ያለው። የመንዝ በግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ባና ይልካል። እህቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጨርቅ ከተገዛላት ዩኒፎርሙን በነፃ ትሰፋለች። እኔ ደብተሩን በደርዘን እገዛለሁ፤ በደርዘን ሲገዙ ነጋዴው ቀነስ ያደርጋል። ሁለት ልጅ ብቻ የቻልንበት ዓመት ነበር። ሁለት ልጅ ትንሽ አይደለም።

«ችግረኛ ልጅ ማለት ወላጅ የሌለው ወይም ጎዳና የወጣ ነው»

ጎዳና ያለው ልጅ ይታያል፤ ስለሚታይም ሰው ያስበዋል። የማይታየው ይበዛል። እናቱ ልብስ አጥባ የምታሳድረው፣ አያቱ ጋር የተቀመጠ፣ አባቱ የቀን ሥራ ያገኘ ቀን እራት የሚበላ ልጅ ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን ተቀብላለች። በመጠለያ ያሉት ሲታወቁ፣ ዘመድ ቤት ተጠግተው ወይም አንድ ክፍል ተከራይተው ያሉት ይረሳሉ። አጣዬም በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤት ንብረቱን ጥሎ የወጣው ሰው በአንድ ሌሊት ነው ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት የዞረው። እንዲህ ያለ ሰው አይለምንም፤ ሞቼ ልገኝ ይላል።

ታዲያ በምን ይታወቃሉ? የክፍል ኃላፊውን መምህር መጠየቅ ነው። ማን ደብተሩን በሁለቱም በኩል እየጻፈ ለሦስት ትምህርት እንደሚያብቃቃው መምህሩ ያውቃል። የዕድር ሰዎችም ያውቃሉ።

«የተገኘው ይሰጥ፤ የቸገረው ምን ይመርጣል»

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የቸገረውማ ይመርጣል! እንዲያውም ከሌላው የበለጠ መምረጥ አለበት። ያልሆነውን ጥሎ ሌላ መግዛት አይችልማ።

ሰሜን ሸዋ ራሱ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል። ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ከ1300 ሜትር በታች ነዎት፤ ላብ በላብ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከአዲስ አበባ አንድ ጆንያ ወፍራም ሹራብ ይዞ ለሸዋ ሮቢት ልጆች ያከፋፈለ ሰው አውቃለሁ። ልጆቹ አመሰገኑ። ሹራቡ በማግስቱ ገበያ ላይ ታየ። እነሱ ላይ መፍረድ አይቻልም።

ሰልባጅ ልብስ ራሱ ችግር የለውም፤ ሁላችንም ለብሰናል። ታጥቦ፣ ዚፑ ተሞክሮ፣ ቁልፉ ተተክሎ ይሰጥ። የእኛ ቤት መለኪያ «ያንቺ ልጅ ትለብሰዋለች ወይ?» የሚለው ነው። የውስጥ ልብስና ካልሲ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ጫማ ለብቻው ይታይ። ሌላ ልጅ የጨረሰው ጫማ በዚያ ልጅ እግር ቅርጽ ተጣሟል። ቁጥሩን ገምቶ መግዛትም አያዋጣም፤ የጠበበ ጫማ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው። እህቴ የራሷ ዘዴ አላት። ቡና ልትጠጣ የመጣች መስላ ቤታቸው ትሄዳለች። የልብስ መስፊያ ክር ከቦርሳዋ ታወጣና «ኑ እስኪ፣ ማን ነው ያደገው?» ብላ ልጆቹን ሁሉ ታሰልፋለች። ቆመው ነው የምትለካቸው፤ እግር ሲቆሙበት ይረዝማል። ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ትይዝና ክሩን ትቋጥራለች። ሁለቱንም እግር ትለካለች፣ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል። ለታላቅየው አንድ ቋጠሮ፣ ለታናሽየዋ ሁለት ቋጠሮ ጫፉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ክሮቹን ይዛ ጫማ ተራ ትሄድና ውስጥ ውስጡን እየከተተች ታመሳክራለች፤ የአውራ ጣት ስፋት የምታህል ትርፍ ትተዋለች። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ። እናትየዋ ገብቷታል፣ ግን ቡናዋን ትቀዳለች።

ጫማ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም። በደጋው የአገራችን ክፍል፣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል። ሰው ብዙ ጊዜ ዝሆኔ ይለዋል። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የሚያመጡት ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ስለዚህ ከጫማው ጋር ሳሙና ይኑር።

«ደብተርና እስክርቢቶ ካገኘ ተማሪው ተሟላለት»

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የትምህርት ክፍያ የለውም። ሰው ታዲያ «ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ደብተር ብቻ ነው የሚጎድለው» ይላል። ዩኒፎርሙስ? ሳሙናውስ? ጠዋት በብርድ የሚለበሰው ሹራብስ?

ሞዴስ ደግሞ ማንም የማያነሣው ነገር ነው። ከፍ ያሉ ሴት ልጆች በወር አበባቸው ቀናት ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። እኛ ለሴት መምህር እንሰጣለን፤ እሷ ታስቀምጥና ለፈለገችው ትሰጣለች። የዛሬ ዓመት የሰጡት ሞዴስ ግን ዘንድሮ የለም። ታጥቦ የሚደገመው የጨርቅ ዓይነት ከተገኘ፣ ውሃና ሳሙና ላለበት ቤት ይሻላል።

ደብተርም ቢሆን ሁሉም ሰው በመስከረም ይሰጣል፤ ጥር ላይ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲቃረብ ያልቃል። ያኔ የሚያስታውስ የለም። ከተቻለ ግማሹን ለጥር ማቆየት ነው።

«ለጨቅላ ሕፃን ከዱቄት ወተት የተሻለ ስጦታ የለም»

ይህን በተለይ ወደ መጠለያ የሚሄዱ ሰዎች ይስሙልኝ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን በቂ ነው። የቆርቆሮ ወተት ንጹሕ ውሃ፣ የተቀቀለ ጡጦና ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል፤ እነዚህ በሌሉበት ሕፃኑን ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። ቆርቆሮው ሲያልቅ ደግሞ የእናትየው ጡት ቀንሶ ይገኛል። ጡት ማጥባት የማትችል ካለች የጤና ባለሙያ ይወስንላት። ለእናትየው የሚበላ ነገር ይሰጣት፤ ገንፎ፣ አጥሚት፣ እንቁላል። ለሕፃኑም የደረሰው በዚያ በኩል ነው።

«ልጆቻችን ደግነት እንዲማሩ በእጃቸው ይስጡ»

ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። እስኪ ግን በተቀባዩ በኩል እንየው። ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ፊት ለፊት ቆመዋል። አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ትልልቆቹ ያጨበጭባሉ። መስከረም ላይ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሲጣሉ ምን እንደሚባል መገመት አይከብድም፦ «ቦርሳህን እኮ እኛ ነን የገዛንልህ!»

እኛ ቤት ልጆቹ ሥራው ላይ አሉ። ገበያ ይወጣሉ፣ ቀለም ይመርጣሉ፣ ደብተር በጋዜጣ ይሸፍናሉ፣ እርሳስ ይቀርጻሉ። ከቁጠባ ሣጥናቸውም ያዋጣሉ። ለማን እንደሚደርስ ግን አይነገራቸውም። ትልቅ ሰው ወስዶ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ይሰጣል፣ ያውም በምሽት። ልጁ ቦርሳውን የሚያገኘው ከእናቱ እጅ ነው። አንዲት የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ እማማ እናቴን «እኔ ነኝ የገዛሁለት ብለው ቅር ይልዎታል?» አሏት። እናቴ «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሳደጉት!» ብላ ወጣች።

«ፎቶ ካልተነሣ ማን ያምናል?»

ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ማስረጃ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ማስረጃው ግን ደረሰኝና የዕቃው ፎቶ ነው። ደብተሩ ተደርድሮ ይነሣ፣ ጫማው ይነሣ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ላይ የልጅን የግል ሕይወትና ክብር እንደሚጠብቅ ይናገራል። ሕጉ እንኳ ቢቀር፣ ደብረ ብርሃን እኮ ትንሽ ከተማ ናት። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈች ልጅ ሰኞ ክፍል ስትገባ ሁሉም አይቷታል። ያቺ ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ስትሆንም ፎቶው እዚያው ነው። «ፈቃዷን ጠይቀናል» የሚሉ አሉ። ቦርሳውን ይዞ ለሚጠይቅ ሰው እንዴት እንቢ ይባላል?

«መስጠት የሰው እጅ ጠባቂ ያደርጋቸዋል»

ትንሽ እውነት አለው። መኪና መስኮት ላይ ለሚመጣ ልጅ ሳንቲም መወርወር፣ ልጁ ከትምህርት ይልቅ መንገዱ እንዲያዋጣው ያደርጋል። ለትምህርት ቤት የሚሆን ዕቃ በወላጅ በኩል ሲሰጥ ግን ወደ ክፍል ነው የሚወስደው። ደብተር ይዞ ሥራ የፈታ ልጅ አላየሁም።

«አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ ነውር ነው»

ብዙ ቤተሰብ ሳይጀምር የሚቀረው በዚህ ፍርሃት ነው። መፍትሔው አስቀድሞ መናገር ነው። «ዘንድሮ ይህን ችለናል፣ የከርሞውን እግዜር ያውቃል» ይባልና ያልቃል። ወላጆቹ ኑሮ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አምና ኪሳችን ሳስቶ ነበርና ለአንዲት እናት «ዘንድሮ ደብተሩን ብቻ ነው የቻልነው፣ ቦርሳ አልሆነልንም» አልናት። «የካቻምናው መች ተቀደደ?» አለችን።